ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት፦ የብራውዘር ኖቲፊኬሽንን አደብ ማስገዛት

አክስቴ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ዕቃው ብዙ አይደለም። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ብርድ ሲበረታ ወረቀት የሚያኝክ አንድ አሮጌ ኮፒ ማሽን። ባለፈው ክረምት፣ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ከተማው ሁሉ ጋቢ ደርቦ በዋለበት ቀን፣ አንድ አባት ማመልከቻ ሊያስጽፉ ገቡ። አክስቴ እየጻፈች ሳለ ከስክሪኑ ታች በቀኝ በኩል ቀይ ሳጥን ብቅ አለ። «ኮምፒውተርዎ በ5 ቫይረሶች ተይዟል» ይላል፣ በእንግሊዝኛ። ዘጋችው። ሌላ መጣ። እሱንም ዘጋች። ሦስተኛው ላይ ልብሷ ያልተሟላ ሴት ፎቶ ነበረበት። አክስቴ ደንግጣ ስክሪኑን በእጇ ሸፈነችው። አባባ መነጽራቸውን አስተካክለው «ልጄ፣ ይሄ ዕቃ የታመመ ይመስለኛል፤ ማመልከቻዬ ላይ ሳይጋባ ቶሎ አውጪልኝ» አሏት።

በማግስቱ ኮምፒውተሩ ጥገና ቤት ገባ። ፍርዱ የተለመደው ነው፦ ፎርማት ይደረግ። እኛ አገር ለኮምፒውተር ሕመም ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ነው። ስንት ዓመት ያጠራቀመቻቸው የውል፣ የውክልናና የማመልከቻ ናሙናዎች ግማሹ ፍላሽ ላይ ተርፎ ግማሹ ጠፋ። ገንዘቡም ተከፈለ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቀዩ ሳጥን ተመልሶ መጣ።

እኔን የጠራችኝ ያኔ ነው። የቀዳችልኝ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ጨረስኩት። ነገሩ ቫይረስ አልነበረም፤ የብራውዘር ኖቲፊኬሽን ነበር፤ ማለትም ሳይቶች ኢንተርኔት በምንከፍትበት ፕሮግራም (ክሮም፣ ፋየርፎክስ) በኩል የሚልኩት ብቅ ባይ ማሳወቂያ። ፈቃዱን የሰጠው ከእኛው ሰው አንዱ ነው፤ ፈቃዱን መንጠቅም የእኛው ሥራ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ያን ቀን ያደረግሁትንና ከዚያ ወዲህ ለብዙ ሰው ያደረግሁትን ነው።

መጀመሪያ፣ ነገሩ ምንድን ነው?

አንዳንድ ሳይት ስትከፍቱ ከላይ በግራ በኩል ትንሽ ሳጥን ትመጣለች። «ይህ ሳይት ኖቲፊኬሽን ሊልክልዎ ይፈልጋል» ትላለች። ሁለት ምርጫ አላት፦ «አላው» (ፍቀድ) እና «ብሎክ» (ከልክል)። «አላው» ካላችሁ ሳይቱ ብራውዘራችሁ ውስጥ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ይዞ ይቀመጣል። ባለሙያዎቹ ሰርቪስ ወርከር ይሉታል። ይሄ ፕሮግራም ሳይቱን ብትዘጉትም አይሄድም። ተኝቶ ይጠብቃል።

ሳይቱ መልእክት ሲልክ መልእክቱ በቀጥታ ወደ እናንተ አይመጣም። መጀመሪያ ወደ ብራውዘሩ ባለቤት ሰርቨር ይሄዳል፦ ክሮም ከሆነ ወደ ጉግል፣ ፋየርፎክስ ከሆነ ወደ ሞዚላ፣ ኤጅ ከሆነ ወደ ማይክሮሶፍት። ከዚያ ወደ ኮምፒውተራችሁ ይደርሳል፤ የተኛውን ይቀሰቅሰዋል፤ ሳጥኑ ብቅ ይላል። ታብ መዝጋት የማይጠቅመው ለዚህ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፣ ወይም ዋይፋዩ ተቋርጦ ሲመለስ፣ የተጠራቀመው በአንዴ የሚዘንበውም ለዚህ ነው። ሰርቨሩ ላይ ተሰልፎ ይጠብቃችኋል።

አሠራሩ ለክፉ አልተፈጠረም። ክሮም በ2015፣ ፋየርፎክስ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲያመጡት ኢሜይልና ቻት በጊዜው እንዲደርስ ነበር። ግን ሁሉም ሳይት ገና ከበሩ «ልላክልህ?» ማለት ጀመረ። ሰው ተሰላቸ። በ2020 መጀመሪያ ሁለቱም ብራውዘሮች ጥያቄውን ዝም የሚያሰኝ ዘዴ ጨመሩ። አጭበርባሪው ግን በሌላ በር ገባ። እሱን ቀጥሎ አነሳዋለሁ።

«አላው» እንዴት ያስነኩናል?

የአክስቴ ኮምፒውተር ላይ ጥፋቱ የተሠራው ቅዳሜ ማታ ነው። ሱቁ ከተዘጋ በኋላ የሰፈር ልጆች ኳስ ሊያዩ ይሰበሰባሉ። ነፃ ኳስ የሚያሳይ ሳይት ፈልገው ሲከፍቱ መሀል ላይ ሮቦት ተስሏል። ከሥሩ «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው የሚለውን ይጫኑ» የሚል ጽሑፍ አለ። ጨዋታው ተጀምሯል፤ ማን ያነባል? ተጫኑት። ፎርማቱ ስድስት ቀን አርጅቶ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። ሮቦት አለመሆናችሁን የሚያጣራ ትክክለኛ ሳይት ሥዕል ያስመርጣችኋል፣ ፊደል ያስጽፋችኋል፣ ወይም ትንሽ ሳጥን ላይ ምልክት ያስደርጋችኋል። የኖቲፊኬሽን ፈቃድ ግን በፍጹም አይጠይቅም። «ቪዲዮው እንዲጀምር አላው ይበሉ»፣ «ዳውንሎዱ እንዲቀጥል አላው ይበሉ»፣ «ዕድሜዎ ከ18 በላይ ከሆነ አላው ይበሉ» የሚሉትም የዚያው ቤተሰብ ናቸው። በብዛት የምታገኟቸው ፊልምና ኳስ በነፃ የሚያሳዩ ሳይቶች ላይ ነው። ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር የሚያወርዱና መጽሐፍ በፒዲኤፍ በነፃ የሚሰጡ ሳይቶችም አያመልጧቸውም።

አንዴ ከተፈቀደላቸው የታወቀ አንቲቫይረስ ስምና ምልክት ለጥፈው ያስፈራሩዋችኋል። ሳጥኑ ብቅ ስላለ ብቻ ኮምፒውተራችሁ አልተበከለም፤ አትደንግጡ። ጉዳቱ የሚመጣው ሳጥኑን ተጭናችሁ «ማጽጃ» የተባለውን ስታወርዱ ወይም ክፍያ ውስጥ ስትገቡ ነው። ስለዚህ የሳጥኑን ሆድ አትንኩ። ጥጉ ላይ ባለችው የኤክስ ምልክት ብቻ ዝጉት።

እውነት ኖቲፊኬሽን ነው?

ከመጀመራችሁ በፊት ይሄን አረጋግጡ። ማስታወቂያው ገጹ ውስጥ ከሆነና ታቡን ስትዘጉት አብሮ ከጠፋ፣ የሳይቱ ማስታወቂያ ነው፤ ይሄ መመሪያ አይመለከተውም። ዎርድ ላይ እየጻፋችሁ እንኳ ከታች በቀኝ ጥግ ተንሸራትቶ ከመጣ ግን ኖቲፊኬሽን ነው። ጠጋ ብላችሁ እዩት። የብራውዘሩ ስም ወይም ምልክት አለበት። በትናንሽ ፊደል ደግሞ የሳይቱ አድራሻ ተጽፏል። ያቺን አድራሻ ወረቀት ላይ ጻፏት። ሌባው ስሙን ግንባሩ ላይ ጽፎ ነው የሚመጣው፤ እኛ ደንግጠን ቶሎ ስለምንዘጋው ነው የማናየው።

ሳጥኑ ካመለጣችሁ ዊንዶውስ 11 ላይ የዊንዶውስ ቁልፍና ኤን አብራችሁ ተጫኑ። ዊንዶውስ 10 ላይ የዊንዶውስ ቁልፍና ኤ ነው። ያለፉት ተደርድረው ይወጣሉ።

ክሮም ላይ

አብዛኛው ሰው ክሮም ስለሚጠቀም እዚህ ላይ ረዘም አደርገዋለሁ።

1. ከላይ በቀኝ ጥግ ቁልቁል የተደረደሩ ሦስት ነጥቦች አሉ። ተጫኗቸው፤ ከሚወርደው ዝርዝር «ሴቲንግስ» የሚለውን ምረጡ።
2. በግራ በኩል ካለው ዝርዝር «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ ግቡ።
3. «ሳይት ሴቲንግስ» የሚለውን ክፈቱ።
4. ወረድ ስትሉ «ኖቲፊኬሽንስ» የሚል፣ የደወል ምልክት ያለው መስመር ታገኛላችሁ። እሱ ነው።

ክሮማችሁ በአማርኛ ከሆነ መንገዱ «ቅንብሮች»፣ «ግላዊነት እና ደህንነት»፣ «የጣቢያ ቅንብሮች»፣ «ማሳወቂያዎች» ይሆናል። ቨርሽኑ ተለያይቶ ቦታው ከጠፋባችሁ ሴቲንግሱ አናት ላይ ካለው መፈለጊያ ኖቲፊኬሽን የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ ቢጫ ቀብቶ ያሳያችኋል።

አሁን ገጹን ከታች ወደ ላይ ሥሩት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ገጹ አናት ላይ «ሳይቶች ኖቲፊኬሽን እንዲልኩ አትፍቀድ» የሚል ምርጫ አለ። ሰው እሱን ይነካና ጨረስኩ ብሎ ይወጣል። ማታ ቀዩ ሳጥን ይመጣል። ለምን? ያ ምርጫ የሚሠራው ወደፊት ለሚመጡት ነው። ቀድመው የተፈቀደላቸው ሳይቶች በፈቃዳቸው ይቀጥላሉ። በሩን ዘግታችሁ እንግዳውን ሳሎን እንደ መተው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ታች ውረዱ። ሁለት ዝርዝር አለ፤ አንዱ የተከለከሉት፣ ሌላው የተፈቀደላቸው። የተፈቀደላቸውን አንድ በአንድ አንብቡ። ወረቀት ላይ የጻፋችሁትን አድራሻ ፈልጉ። የማታውቁት፣ ስሙ ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ድርድር የሆነ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። አክስቴ ጋ አሥራ አንድ ነበሩ። ከአሥራ አንዱ የምታውቀው አንዱን ብቻ ነው።

ከእያንዳንዱ አድራሻ ጎን ሦስት ነጥብ አለ። ስትጫኗት «ብሎክ»፣ «ኤዲት»፣ «ሪሙቭ» ትላለች። ልዩነታቸውን እወቁ። «ሪሙቭ» ካላችሁ ሳይቱ ከዝርዝሩ ይወጣል፤ ነገ ብትከፍቱት ግን እንደ አዲስ ይጠይቃችኋል። «ብሎክ» ካላችሁ ወደ ተከለከሉት ዝርዝር ይዛወራል፤ መጠየቅም አይችልም። ለአጭበርባሪ «ብሎክ»። የዜና ሳይት ሆኖ ለጊዜው ለሰለቻችሁ «ሪሙቭ» ይበቃል።

አንድ ችግር አለ። እነዚህ ሰዎች በአንድ ስም አይሠሩም። አንዱን አድራሻ ስትከለክሉ በሌላ ስም ይመጣሉ። ለዚህ ነው አሁን ወደ ላይ ተመልሳችሁ የመግቢያውን በር የምትዘጉት። ብዙ ሰው በሚነካው ኮምፒውተር ላይ፣ ማለትም ሱቅ፣ ኢንተርኔት ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ «አትፍቀድ» የሚለውን ምረጡ። የግል ላፕቶፕ ከሆነና ጥንቃቄ ካላችሁ «ሳይቶች መጠየቅ ይችላሉ» በሚለው ሥር ጥያቄውን አሳንሶ የሚያሳየውን ምርጫ ውሰዱ። ያኔ ሳጥኗ ፊታችሁ ላይ አትዘልም፤ አድራሻ መጻፊያው ላይ ትንሽ የደወል ምልክት ብቻ ትሆናለች።

አዳዲሶቹ የክሮም ቨርሽኖች ራሳቸውም ያግዛሉ። «ሴፍቲ ቼክ» የሚባለው ክፍል ለረጅም ጊዜ ያልከፈታችኋቸውን ሳይቶች ፈቃድ ይቀንሳል፣ ኖቲፊኬሽን የሚያበዙትንም ያሳያችኋል። ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ለማሽን ብቻ አልተውም። በወር አንዴ ዝርዝሩን በዓይኔ አየዋለሁ።

አንድ ሳይት ላይ ቆማችሁ ለእሱ ብቻ መቀየር ከፈለጋችሁ አጭር መንገድ አለ። ከአድራሻው በስተግራ ያለችውን ምልክት ተጫኑ። ድሮ የጓጉንቸር ቁልፍ ሥዕል ነበረች፤ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሁለት መስመር ላይ ሁለት ክብ ያለባት ምልክት ሆናለች። እዚያው የኖቲፊኬሽኑን ማብሪያና ማጥፊያ ታገኛላችሁ።

ፋየርፎክስ፣ ኤጅና ሌሎቹ

እኛ ሞዚላ የምንለው ፋየርፎክስ ላይ ከላይ በቀኝ ያሉትን ሦስት አግድም መስመሮች ተጫኑ፤ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»። «ፐርሚሽንስ» እስከሚል ርዕስ ውረዱ። ኖቲፊኬሽን ከሚለው ጎን «ሴቲንግስ» የሚል ቁልፍ አለ። የሳይቶቹ ዝርዝር ይከፈታል። አንዱን መርጣችሁ ማውጣት ወይም ሁሉንም ባንዴ መጥረግ ትችላላችሁ። እዚያው ከታች አዲስ ጥያቄዎችን የሚያግድ ምልክት ማድረጊያ አለ፤ አድርጉበት። ስትወጡ «ሴቭ ቼንጅስ» የሚለውን መጫን አትርሱ። ሰው ይሄን ይረሳና ፋየርፎክስን ይረግማል።

ፋየርፎክስ ላይ የምወደው ነገር ብራውዘሩ ተዘግቶ እስኪከፈት ድረስ ኖቲፊኬሽንን የሚያስቆም ምርጫ ያለው መሆኑ ነው። ፈተና የምታዘጋጁ መምህራን፣ ሒሳብ የምትዘጉ ሰዎች፣ ለዚያች ቀን ብቻ ዝም ማሰኘት ከፈለጋችሁ ይሄ ነው።

ኤጅ ከዊንዶውስ ጋር ስለሚመጣ «እኔ አልጠቀምበትም» ብላችሁ አትለፉት። ሌላ ሰው ከፍቶት ይሆናል። ሦስቱ አግድም ነጥቦች፣ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ መፈለጊያው ላይ ኖቲፊኬሽን ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ። ማይክሮሶፍት የዚህን ገጽ ቦታ ስለሚቀያይር መንገዱን መሸምደድ ትርፉ ድካም ነው። ኦፔራ የተሠራው ክሮም በተሠራበት መሠረት ላይ ነው፤ ከላይ ያለውን የክሮም መንገድ ብትከተሉ ብዙም አይለያችሁም። ማክ ያላችሁ ደግሞ ሳፋሪ ውስጥ «ሴቲንግስ»፣ «ዌብሳይትስ»፣ «ኖቲፊኬሽንስ» ግቡ፤ ከታች ሳይቶች ፈቃድ እንዲጠይቁ የሚለውን ምልክት አንሱ።

ሁሉንም አትዝጉ

ከዚህ ቀደም ይሄን ምክር በስልክ ለአንድ ጓደኛዬ ሰጠሁት። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አካባቢ ትራንዚተር ነው። «ሁሉንም አጥፋና ተገላገል» አልኩት። አጠፋ። በሦስተኛው ቀን የኮንቴነር ሰነድ በኢሜይል ተልኮለት ግማሽ ቀን ሙሉ ሳያየው ዋለ። ድሮ ጥጉ ላይ ብቅ ሲል ያየው የነበረው ነው። ማታ ደውሎ የነገረኝን እዚህ አልጽፈውም። ጥፋቱ የኔ ነበር። የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ያጠፋሁትንም አበራሁለት።

ያኔ የያዝኩት መለኪያ ይሄ ነው፦ መልእክቱ ዘግይቶ ቢደርሰኝ የሚጎዳኝ ነገር አለ? ካለ ይፈቀድለት። የሥራ ኢሜይል፣ ሰው ለእኔ ብሎ የጻፈው የቴሌግራም መልእክት፣ የስብሰባ ማስታወሻ። ዜና፣ ቅናሽ፣ «አዲስ ቪዲዮ ተለቋል»፣ እነዚህ ማታም ይደርሳሉ። ስፈልጋቸው እኔው እሄዳለሁ።

የፈቀድኩላቸውንም ቢሆን ከውስጥ አስተካክላቸዋለሁ። ጂሜይል ላይ ከላይ በቀኝ ያለችውን ጥርስ ያላት ክብ ምልክት ተጫኑ፤ ሁሉንም ሴቲንግ የሚያሳየውን ክፈቱ። «ጄኔራል» በሚለው ገጽ ላይ ወረድ ስትሉ «ዴስክቶፕ ኖቲፊኬሽንስ» አለ። ሦስት ምርጫ ይሰጣችኋል፦ አዲስ መልእክት ሁሉ፣ አስፈላጊ የሆነው ብቻ፣ ምንም። መካከለኛው ለብዙ ሰው ይበቃል። ለጓደኛዬ ግን «ሁሉም» የሚለውን ነው ያደረግኩለት፤ የመርከብ ወኪል ኢሜይል አስፈላጊ መሆኑን ጉግል እንዲወስንለት አልፈለገም። ከገጹ መጨረሻ ለውጡን አስቀምጡ። ሌላም አለ፤ ጂሜይል በብራውዘሩ ክፍት ካልሆነ ይሄ ኖቲፊኬሽን አይመጣም። ታቡን አንድ ጥግ ላይ ትታችሁ ሥሩ።

ቴሌግራም ዌብ ዋናው ጯሂ ነው። የሥራ ማስታወቂያ ቻናል፣ የዕድር ግሩፕ፣ የሠርግ ኮሚቴ ግሩፕ፣ የድሮ ክፍል ጓደኞች ግሩፕ። ሁሉም በአንድ አፍ ይናገራሉ። ቴሌግራሙ ራሱ ውስጥ ሴቲንግ ገብታችሁ የኖቲፊኬሽንና የድምፅ ክፍሉን ክፈቱ። የግል መልእክት፣ ግሩፕና ቻናል ለየብቻ ተቀምጠዋል። የግሉን ተዉት፤ ግሩፕና ቻናሉን አጥፉ። ዕድሩ ቅር እንዳይለው ከፈለጋችሁ እሱን ብቻ ለይታችሁ አብሩ። ለቅሶ አያምልጣችሁ።

ደንበኛ ፊት የምትሠሩ ከሆናችሁ የመልእክቱን ይዘት የሚያሳየውን ምርጫም አጥፉ። ማን እንደላከ ብታውቁ ይበቃል፤ የላከው ምን እንዳለ ከጎናችሁ የቆመው ሰው ማንበብ የለበትም።

ዊንዶውሱ ውስጥ

ብራውዘሩ የሚልከውን የሚያሳየው ዊንዶውስ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ቁልፍ አለ። «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ ከዚያ ዊንዶውስ 10 ላይ «ኖቲፊኬሽንስ ኤንድ አክሽንስ»፣ ዊንዶውስ 11 ላይ «ኖቲፊኬሽንስ» ይባላል። የፕሮግራሞቹ ዝርዝር ውስጥ ክሮምን ስትጫኑት ድምፁን ብቻ፣ ወይም ብቅ ማለቱን ብቻ ማጥፋት ትችላላችሁ። እኔ ድምፁን አጠፋለሁ፤ ሥራ ላይ ልቤን የሚያቋርጠው ሳጥኑ ሳይሆን ድምፁ ነው።

ክሮምን እዚህ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ግን አልመክርም። ሁሉንም ሳይት ባንዴ ያፍናል፤ ቴሌግራሙም ኢሜይሉም አብሮ ይሞታል። አጭበርባሪውም ፈቃዱን አላጣም፤ አፉ ብቻ ነው የተያዘው።

ፕሮጀክተር ላይ ለምታቀርቡ ሰዎች፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን የምትከላከሉ ተማሪዎች በተለይ፣ ይሄን አትዝለሉት። ዊንዶውስ 10 ላይ «ፎከስ አሲስት»፣ ዊንዶውስ 11 ላይ «ዱ ኖት ዲስተርብ» የሚባል አለ። ስክሪኑ ወደ ፕሮጀክተር ሲባዛ በራሱ ጊዜ ኖቲፊኬሽን እንዲያቆም የሚያደርግ ምርጫ ውስጡ አለ። እሱን አብሩ። መምህራኑ ፊት «ውዴ በላህ?» የሚል ሳጥን ብቅ ሲል አይቻለሁ። ውጤቱ አልተነካም፤ ልጁ ግን ቀጥሎ ያለውን ስላይድ ማንበብ አቃተው።

ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ፣ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ይሄ ክፍል አይሠራላችሁም። ክሮም ለዊንዶውስ 7 አዲስ ቨርሽን ማውጣት ያቆመው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። የብራውዘሩ ውስጥ ሴቲንግ ግን ያው ነው፤ በእሱ ተጠቀሙ።

አሁንም ከመጣ

ሁሉንም አድርጋችሁ ሳጥኑ ከተመለሰ እነዚህን እዩ።

ክሮም ላይ ከአንድ በላይ ፕሮፋይል፣ ማለትም ለየሰው የተለየ የክሮም መለያ፣ አለ ወይ? ከላይ በቀኝ ክብ ፎቶዋን ተጫኑ። ፈቃድ የሚቀመጠው በየፕሮፋይሉ ነው። የእናንተን አጽድታችሁ የወንድማችሁ ሳይነካ ቀርቶ ይሆናል።

ኤክስቴንሽኖችን፣ ማለትም ብራውዘሩ ላይ የሚጨመሩትን ትናንሽ ፕሮግራሞች፣ ተመልከቱ። በሦስቱ ነጥብ ውስጥ «ኤክስቴንሽንስ» አለ። ያልጫናችሁት፣ ወይም ለምን እንደጫናችሁት የማታስታውሱት ካለ አውጡት። ቪዲዮ ማውረጃ ነኝ እያለ ማስታወቂያ የሚያዘንብ ብዙ ነው።

ክሮምን ዘግታችሁም የሚመጣ ከሆነ ከበስተጀርባ እየሠራ ነው። በክሮም ሴቲንግስ «ሲስተም» ውስጥ ክሮም ሲዘጋም ከበስተጀርባ መሥራቱን የሚያስቀጥል ማብሪያ አለ፤ አጥፉት። ኤጅም ተመሳሳይ አለው። በሞባይል ዳታ ወይም በሆትስፖት ለምትጠቀሙ ይሄ ለብቻውም ጥሩ ነው።

ሳጥኑ ላይ የብራውዘር ስም ከሌለና የሌላ ፕሮግራም ስም ካለ፣ ያንን ፕሮግራም ነው ማውጣት ያለባችሁ። ምንም ስም ከሌለው፣ ወይም ክሮም ሴቲንግሱን እንዳትቀይሩ ከከለከላችሁና ኮምፒውተሩ የመሥሪያ ቤት ካልሆነ፣ ያኔ ነገሩ ከኖቲፊኬሽን አልፏል። እውነተኛ አንቲቫይረስ አስኬዱ። እሱም ካቃተው ጥገና ቤት ሂዱ። ያኔም ቢሆን ፋይላችሁን ፍላሽ ላይ ገልብጣችሁ፣ ገልብጣችሁ ስል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ አይታችሁ፣ ከዚያ።

ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ኮምፒውተር

ለአክስቴ በመጨረሻ ያደረግኩላት ይሄ ነው። ለሥራዋ የራሷ የክሮም ፕሮፋይል አለ፤ ኢሜይሏና ቴሌግራሟ ብቻ የተፈቀደበት፣ ሌላው ሁሉ የተዘጋበት። ደንበኛ ኢንተርኔት ሲፈልግ፣ ልጆቹም ኳስ ሊያዩ ሲመጡ፣ «ኢንኮግኒቶ» በሚባለው ጥቁር መስኮት ይከፍታሉ። ክሮም እዚያ ውስጥ ለሳይት የኖቲፊኬሽን ፈቃድ አይሰጥም፤ ልጆቹ «አላው» ለማለት ቢፈልጉም አይሆንላቸውም። መስኮቱን ለመክፈት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤን አንድ ላይ መጫን ነው። ፋየርፎክስ ላይ በኤን ፋንታ ፒ ነው።

አክስቴ ይሄ አልበቃትም። ሞኒተሩ ጠርዝ ላይ በፕላስተር ወረቀት ለጠፈች፦ «አላው የሚል ካያችሁ ጥሩኝ»። አሁን ልጆቹ ለሁሉም ነገር ይጠሯታል። ኩኪ ተቀበሉ የሚለው ሳጥን ሲመጣ እንኳ ከኮፒ ማሽኑ ያስነሷታል። ኩኪ ሌላ ነገር ነው፤ ሳይቱ እናንተን የሚያስታውስበት ትንሽ ፋይል እንጂ ጥግ ላይ ብቅ ብሎ የሚጮህ አይደለም። ኢንኮግኒቶውን ሲዘጉት አብሮ ይጠፋል። ይሄን ሁለት ጊዜ ነገርኳት። እሷ ግን ትነሳለች፤ መነጽሯን ታደርጋለች፤ አንብባ «ይሄኛው ይለፍ» ትልና ወደ ወረቀቷ ትመለሳለች።